ያለፈ ዘመን ማዕድ ዳግመኛ ሲዘረጋ

ታሪክ በክፍል ስንማር የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት፣ ስለ ውልና ስለ ድንበር ነው። ቄሣር የት እንደ ዘመተ፣ ሱልጣን ሱሌይማን የትኛውን ከተማ እንደ ያዘ በፈተና እንጠየቃለን፤ ከዘመቻ ሲመለሱ ምን እንደ በሉ ግን የሚጠይቀን የለም። የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበትና የድግሱ ሽታ እስከ መማሪያ ክፍላችን በሚደርስበት በዚህ ጊዜ፣ ስለ ማዕድ ታሪክ ጥቂት መጻፍ ያለ ቦታው የገባ ነገር አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፉት መቶ ዓመታት ወዲህ በዓለም ታላላቅ ከተሞች አንድ ልዩ ዓይነት ምግብ ቤት ታይቷል። ይህ ምግብ ቤት ለእንግዳው የሚሸጠው ያለፈ ዘመንን ነው። አንዱ «የሮማ ቄሣሮች ማዕድ» ይላል፤ ሌላው «የሱልጣኑ ግብዣ» ይላል፤ ሦስተኛው «የድሮዋ ፓሪስ እራት» ብሎ ይጠራል። ዋጋውን የከፈለ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ አምስት መቶ ወይም ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይጓዛል ይባላል። በውኑ ይጓዛልን? ወጥ ቤቱ ያን ምግብ በምን ዐወቀው? ሕንፃ በድንጋይ ይቀራል፣ ሕግም በብራና ይቀራል፤ ወጥ ግን በተሠራበት ቀን ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማዕድ ስንመለከት ከሳሕኑ በስተጀርባ ያለውን ማስረጃ መመርመር ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ከሮማ እንጀምር። በ1957 በኒውዮርክ ከተማ፣ በሮክፌለር ማዕከል አካባቢ፣ «የዐሥራ ሁለቱ ቄሣሮች ፎረም» የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ። ፎረም ማለት በሮማውያን ዘንድ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አደባባይ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ጆሴፍ ባውም ሲሆን፣ የቤቱ ስም የተወሰደው ሱዌቶኒዩስ ስለ ዐሥራ ሁለቱ ቄሣሮች ከጻፈው የታወቀ መጽሐፍ ነበር። በግድግዳው ላይ የቄሣሮቹ ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር፤ የወይን ጠጅ ማቀዝቀዣው ዕቃ የሮማን ወታደር የራስ ቁር እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቶ ነበር፤ በኔሮን ስም የተጠራ የሸርጣን ምግብም ከነእሳቱ እየነደደ ለእንግዳው ይቀርብ ነበር። ሮማን አቃጠለ ለተባለው ንጉሥ ይህ ምን ዓይነት መታሰቢያ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ምግብ ቤቱ እስከ 1975 ድረስ ቆይቶ ተዘጋ።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ቤት ከታሪክ ይልቅ ወደ ቴአትር የቀረበ ነበር። ከሚቀርበው የሚበዛው የዘመኑ የኒውዮርክ ምግብ የሮማን ስም ለብሶ የወጣ ነው። ነገር ግን ባለቤቶቹን ከመውቀስ በፊት ሊያገኙት ይችሉ የነበረውን ማስረጃ እንይ።

ስለ ሮማውያን ወጥ ቤት የደረሰን ትልቁ ጽሑፍ በአፒኪዩስ ስም የሚጠራውና ዐሥር ክፍል ያለው መጽሐፍ ነው። አፒኪዩስ በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን የኖረ ባለጸጋ ነበር፤ መጽሐፉ ግን አሁን ባለው መልኩ የተሰበሰበው ከእርሱ በኋላ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው መቶ ዓመት ሳይሆን አይቀርም። ፈላስፋው ሴኔካ እንደ ተረከው፣ አፒኪዩስ መቶ ሚሊዮን ሴስቴርስ የሚሆን ገንዘብ በሆዱ ካጠፋ በኋላ ሒሳቡን ቢያሠራ ዐሥር ሚሊዮን ብቻ እንደ ቀረው ዐወቀ፤ በዚያ ገንዘብ መኖርን እንደ ረሃብ ቆጥሮ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ይህን የመሰለ ሰው የጻፈው ወይም በስሙ የተጻፈ መጽሐፍ ዝርዝር ነገር ይኖረዋል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። ሆኖም ከገለጥነው በኋላ የምናገኘው እንዲህ ያለ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙን፣ ድምብላል፣ ጤና አዳም፣ ማር፣ ኮምጣጤና የዓሣ መረቅ ትቀላቅላለህ። ስንት? ለስንት ሰዓት? በምን ያህል እሳት? አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። ጤና አዳሙን እኛ ከቡናችን ላይ ስለምናውቀው የሩቅ ዘመድ እንዳገኘን ደስ ይለናል፤ መጠኑን ግን አሁንም አናውቅም።

የዓሣው መረቅ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሮማውያን ዓሣን ከጨው ጋር በፀሐይ እያብላሉ ከእርሱ የሚወጣውን ውሃ በጨው ፈንታ በየምግቡ ላይ ይጨምሩት ነበር። ይህስ እንደ ምንም ዳግመኛ ሊሠራ ይችላል። ፈጽሞ የማይገኘው ሲልፊዩም የተባለው ተክል ነው። ይህ ተክል ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር በቀሬና አካባቢ ብቻ ይበቅል ነበር፤ የቀሬና ሰዎችም ከእርሱ ንግድ የተነሣ በጣም ከመክበራቸው በላይ ሥዕሉን በገንዘባቸው ላይ ቀርጸውት ነበር። ፕሊኒ እንደ ጻፈው በእርሱ ዕድሜ አንድ አገዳ ብቻ ተገኝቶ ለንጉሠ ነገሥት ኔሮን ተላከ። ሮማውያኑ ራሳቸው በእርሱ ፈንታ ከፋርስ አገር የሚመጣ ሽታው ኃይለኛ የሆነ የተክል ሙጫ መጠቀም ጀመሩ። እንግዲህ የኒውዮርኩ ወጥ ቤት ምን ያድርግ? የጠፋውን ቅመም ከየት ያምጣ? የራስ ቁር ማሠራት ይቀላል።

መጽሐፍ ብቻውን ይህን ያህል ካጎደለ፣ ሰው የተሻለ ምስክር ይሆን ይሆናል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በቻይና ዋና ከተማ በቤይጂንግ፣ ያን ጊዜ ፔኪንግ ትባል በነበረችው፣ የሆነው ነገር ነው። የቺንግ ሥርወ መንግሥት በ1912 ከዙፋን ወረደ፤ ይሁን እንጂ የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑ ዪ እስከ 1924 ድረስ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከነአሽከሮቹ እንዲቀመጥ ተፈቅዶለት ነበር። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ሲያባርሩት በቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት የሚሠሩት ሰዎችም አብረው ሥራ ፈቱ። ለንጉሥ ወጥ ከመሥራት በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ሰው ምን ሊበላ ነው? በ1925 የንጉሡ የአትክልት ቦታ የነበረው ቤይሃይ ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፤ ከእነዚያ ወጥ ቤቶች ጥቂቶቹም በመናፈሻው ውስጥ ትንሽ ሻይ ቤት አቋቁመው ለንጉሡ ይሠሩት የነበረውን ለአላፊ አግዳሚው መሸጥ ጀመሩ። የቤቱንም ስም ፋንግሻን አሉት፤ ትርጉሙ «የንጉሥን ምግብ መምሰል» ማለት ነው። ይህ ስም በጣም ደስ ያሰኘኛል። የንጉሡን ምግብ ራሳቸው የሠሩት ሰዎች «ይኸው የንጉሡ ምግብ» ብለው ለመናገር አልደፈሩም፤ «ይመስላል» ብቻ አሉ።

በዚያ ቤት ከተነገሩት ታሪኮች አንዱ ስለ ትንሽ የበቆሎ ዳቦ ነው። በ1900 የውጭ አገር ጦር ፔኪንግን ሲይዝ እቴጌ ሲሺ ወደ ሺያን ከተማ ሸሹ። በመንገድ ሲርባቸው የባላገር ዳቦ፣ በእንፋሎት የበሰለ ሻካራ የበቆሎ ቂጣ፣ ተሰጣቸውና እጅግ ጣፈጣቸው ይባላል። ወደ ቤተ መንግሥታቸው ከተመለሱ በኋላ ያንኑ እንዲያመጡላቸው አዘዙ። ወጥ ቤቶቹ የድሃውን ዳቦ እንዳለ ቢያቀርቡ እንደሚቆጡ ስለሚያውቁ ዱቄቱን አልመው፣ ስኳር ጨምረው፣ እንደ አውራ ጣት አሳንሰው ሠሩላቸው። ታሪኩ እውነት ይሁን አፈ ታሪክ፣ ፋንግሻን ይህን ትንሽ ዳቦ ለእንግዶቹ ሲያቀርብ ኖሯል። ስለ ድሃ ምግብ በእነዚህ ማዕዶች ላይ የምናገኘው ምልክት ይህን የመሰለ ብቻ ነው፤ ያውም ስኳር ተጨምሮበት። ሮማ ሲባል ቄሣሩ፣ ቻይና ሲባል እቴጌይቱ ነው የሚቀርበው እንጂ፣ ቄሣሩን የቀለበው ገበሬ ማታ ምን እንደ በላ በወንበር ዋጋ የሚሸጥ ምግብ ቤት ብዙ አላየሁም።

የፋንግሻን ወጥ ቤቶች እጃቸው ምስክር ነበር። ወጥ ቤቶቹ ሁሉ ሞተው መዝገባቸው ብቻ ሲቀርስ? ይህን ለማየት ወደ ኢስታምቡል እንሻገር።

የኦቶማን ሱልጣኖች በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሲኖሩ ማድ ቤታቸው እንደ አንድ ሰፈር ነበር። በ1574 በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ታላቁ የሕንፃ ሊቅ ሲናን ዐደሰው፤ ረጃጅሞቹ የጭስ መውጫዎች ዛሬም ከባሕሩ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ይታያሉ። በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በማድ ቤቱ የሚሠራው ሰው ከሺህ በላይ ነበር። የዳቦው ባለሙያ ሌላ፣ የጣፋጩ ሌላ፣ የሩዙ ሌላ፣ የእርጎው ሌላ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ከግምጃ ቤት የሚያወጣው ዕቃ ስለሚቆጠር ጸሓፊዎቹ በየጊዜው ይመዘግቡ ነበር። ይህን ያህል በግ፣ ይህን ያህል ሩዝ፣ ይህን ያህል ማርና ዘቢብ፣ ይህን ያህል ዝይ። መዝገቡ ዛሬም አለ። ይሁን እንጂ ልብ በሉ፤ መዝገቡ የተጻፈው ሌባን ለመቆጣጠር ነው እንጂ ወጥ ለማስተማር አይደለም። ሩዙ ወደ ማድ ቤቱ ደጃፍ እስኪገባ ድረስ ይከተለውና በሩ ላይ ሲደርስ ይተወዋል። ከበሩ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው ወጥ ቤቱ ነው፤ እርሱም ሙያውን ለደቀ መዝሙሩ በቃልና በእጅ ያሳየዋል እንጂ አይጽፍለትም።

በ1991 በኢስታምቡል ኤዲርኔካፒ ሰፈር፣ በውስጡ ባሉት የሞዛይክ ሥዕሎች ከታወቀው ከጥንቱ የኮራ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አሲታኔ የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ። የዚህ ቤት ሰዎች የቤተ መንግሥቱን የማድ ቤት መዛግብት አስፈትሸው የጠፉትን ምግቦች አንድ በአንድ ማቆም ሥራቸው አደረጉት። ከሁሉም በላይ የረዳቸው የ1539 ግብዣ ነው። በዚያ ዓመት ሱልጣን ሱሌይማን ልጆቻቸው ባየዚድና ጂሃንጊር የተገረዙበትን በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብሩ የቀረበው ምግብ ተመዝግቦ ቆይቶ ነበር። ምግብ ቤቱም በየምግቡ ስም አጠገብ ዓመቱን እየጻፈ ለእንግዶቹ አቀረበ። የአልሞንድ ሾርባ፣ 1539፤ የዝይ ጥብስ፣ 1539፤ የተሞላ ሜሎን፣ 1539።

ስለዚህ ሜሎን ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ሜሎን የሐብሐብ ወገን የሆነ ጣፋጭ ፍሬ ነው። ክዳኑ ይቆረጥና ውስጡ ይፈለፈላል፤ ከዚያ የተከተፈ ሥጋ ከሩዝ፣ ከአልሞንድ፣ ከፒስታሽዮና ከዘቢብ ጋር ተቀላቅሎ ይሞላበትና በምድጃ ይጋገራል። ሥጋና ፍራፍሬ አንድ ላይ! ለእኛ እንግዳ ነገር ነው፤ ለዛሬዎቹ የኢስታምቡል ሰዎችም ከእኛ ባላነሰ እንግዳ ሆኖባቸው ነበር። የዛሬ የቱርክ ማዕድ ያለ ቲማቲም አይታሰብም፤ ቲማቲም ግን የአሜሪካ ተክል ስለሆነ በሱሌይማን ግብዣ ላይ አልነበረም፤ በኦቶማን ወጥ ውስጥ የተለመደውም ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በቀድሞው ዘመን የወጡን ጣዕም የሚሰጡት ማር፣ ኮምጣጤ፣ የደረቀ ፍራፍሬና ቀረፋ ነበሩ። እንግዲህ የአሲታኔ እንግዳ ሜሎኑን ሲቀምስ አያቶቹ የማያውቁትን የአያት ቅድመ አያቶቹን ጣዕም ቀመሰ ማለት ነው።

ነገር ግን ያ ጣዕም በትክክል የ1539 ነውን? መዝገቡ ዝምታ በገባበት ስፍራ ወጥ ቤቶቹ ሌሎች መጻሕፍትን ተጠግተዋል። በ1226 በባግዳድ የተጻፈውን የወጥ መጽሐፍ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ሺርቫኒ የሚባል ሐኪም ወደ ቱርክኛ ተርጉሞ የራሱን ዘመን ምግቦች ጨምሮበት ነበር። በቱርክኛ በማተሚያ ቤት የታተመው የመጀመሪያው የወጥ መጽሐፍ ግን በ1844 የወጣው የመሕመድ ካሚል መጽሐፍ ነው። ከ1539 እስከ 1844 ሦስት መቶ አምስት ዓመት አለ። በዚህ መካከል ያለውን ጕድጓድ የሚሞላው የወጥ ቤቱ ግምትና ምላስ ነው። ይህን ስል ሥራቸውን ለማቃለል አይደለም፤ ከኒውዮርኩ የራስ ቁር ጋር ሲነጻጸር እጅግ የሚያስመሰግን ድካም ነው።

ስለ መዝገብ ከተናገርን የእኛንም ሳንጠቅስ ብናልፍ ያስወቅሰናል። በአገራችን ሥርዓተ ግብር የሚባል ጽሑፍ አለ። በመካከለኛው ዘመን በነገሥታቱ ግብር ላይ ምን እንደሚቀርብ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚዘረዝር፣ ግእዙ ከአማርኛ ቃላት ጋር የተቀላቀለበት ጽሑፍ ነው፤ ጀርመናዊው ሊቅ ማንፍሬድ ክሮፕ ጥናት አድርገውበታል። ይህም እንደ ቶፕካፒ መዝገብ ሁሉ የሚነግረን ስለ ድርሻና ስለ ሥርዓት ነው፤ እንዴት ይቁላላል፣ መቼ ይከደናል የሚለውን አይነግረንም። ለጻፈው ሰው ይህ ሊጻፍ የሚገባው ነገር አልነበረም፤ በማድ ቤት ያሉት ሴቶች ያውቁታልና።

ሆኖም ያልተጻፈውን እንኳ በሌላ መንገድ ማወቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ። በርበሬ እንደ ቲማቲም ሁሉ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው በርበሬን አልቀመሰውም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነው። ስለዚህ አንድ ምግብ ቤት ተነሥቶ «የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ማዕድ» ብሎ ቀይ ዶሮ ወጥ ቢያቀርብልን፣ ሌላውን ሁሉ አሟልቶ እንኳ ቢሆን፣ ዋናውን ነገር ስቷል ማለት ነው። ወጡ ይፋጅ ከነበረ የሚፋጀው በቁንዶ በርበሬ፣ በዝንጅብል ወይም እነዚህን በመሳሰሉ ቅመሞች ነው። ያለ በርበሬ የአበሻ ወጥ እንዴት ያለ ይሆን? አያቶቻችንን ብንጠይቅ እነርሱም አያውቁትም፤ የእነርሱ አያቶችም አያውቁትም።

ከጣዕሙ ይልቅ ሥርዓቱ ረዥም ዕድሜ አለው። ሱልጣን መሕመድ ፋቲሕ ንጉሥ ብቻውን እንዲበላ በሕግ ደንግገው ነበር። በእኛም አገር በዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዳራሽ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ እርሳቸው ከጨረሱ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ በሺህ የሚቆጠረው ሰው፣ መኳንንቱ በፊት፣ ወታደሩ በኋላ፣ በየማዕርጉና በየተራው እየገባ እንጀራውን፣ ብርንዶውንና ጠጁን ይቀርብ ነበር። ይህን ሥርዓት የውጭ አገር መልእክተኞች በብዛት ጽፈውታል። ወጡ እንዴት እንደ ተሠራ ግን ከእነዚያ እንግዶች የጠየቀ የለም ለማለት ይቻላል። ዛሬም ቢሆን ብዙዎቻችን እናቶቻችንን የቅመሙን መጠን ብንጠይቃቸው «በዓይን ነው» ብለው ነው የሚመልሱልን። መዝጋቢ ጸሓፊ ቢመጣ ይህችን ዓይን በምን ይጽፋታል?

እስካሁን ያየናቸው መጠኑን የማይነግር መጽሐፍ፣ ምግቡን የማያበስል መዝገብና የሚሞት እጅ ናቸው። ወጥ ቤቱ ራሱ ብዕር ይዞ የጻፈበትን ጊዜ ደግሞ እንይ።

ሙሴ ኦጉስት ኤስኮፊዬ በ1846 በደቡብ ፈረንሳይ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወጥ ቤት ገቡ፤ በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ጊዜ ለጦር መኰንኖች ወጥ ሠሩ። የምድጃ ሥራ በዚያ ዘመን ጩኸትና ስካር የበዛበት ነበር። ሙሴ ኤስኮፊዬ ከውትድርናው ባዩት ሥርዓት ማድ ቤቱን እንደ ሠራዊት ከፈሉት፤ የስልሱ ክፍል ለብቻ፣ የጥብሱ ለብቻ፣ የቀዝቃዛው ምግብ ለብቻ፣ የኬኩ ለብቻ ሆነ። እያንዳንዱም ክፍል አለቃ ተሾመለት። በ1903 ያሳተሙት መጽሐፍ ከአምስት ሺህ በላይ የምግብ አሠራር የያዘ ሲሆን የተጻፈውም ለባለሙያ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መመሪያ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ «በእንዲህ ያለ ስልስ አዘጋጅ» ይልና ስልሱን ለማወቅ መቶ ገጽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በሚያዝያ ወር 2011 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ኔክስት የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ። ባለቤቶቹ ወጥ ቤቱ ግራንት አካትዝና ባልደረባው ኒክ ኮኮናስ ነበሩ። የቤቱ ደንብ በየጥቂት ወሩ ምግቡን በሙሉ መለወጥ ነው፤ ዛሬ አንድ ዘመንና አገር ቢሆን ከወራት በኋላ ሌላ ይሆናል። ወንበሩም እንደ ቴአትር ቤት በቲኬት አስቀድሞ ይሸጥ ነበር፤ የቅዳሜ ማታ ዋጋ ከረቡዕ ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያው አርእስታቸው «ፓሪስ 1906፤ ኤስኮፊዬ በሪትዝ» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ እጁን ማውጣት አለበት። ሙሴ ኤስኮፊዬ ከሴዛር ሪትዝ ጋር ሆነው የፓሪሱን ሆቴል የከፈቱት በ1898 ነው፤ ከ1899 ጀምሮ ግን ለሃያ ዓመት ያህል ሥራቸው በሎንዶን በካርልተን ሆቴል ነበር። ስለዚህ በ1906 ፓሪስ ውስጥ ገብቶ ለፈለጋቸው ሰው «ሎንዶን ናቸው» ነበር የሚባለው። ስሕተቱ ቀላል ነው፤ ምግቡን አያበላሸውም። ሆኖም «ፓሪስ» የሚለው ቃል ከ«ሎንዶን» ይልቅ ምራቅ ያስውጣል መሰለኝ፣ ለንግድ የሚሻለውን መርጠዋል።

ምግቡን በተመለከተ ግን ድካማቸው ከልብ ነበር። የኤሊ ሾርባ፣ ሶል የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ቀጥሎም የሩዋን ዳክዬ ቀረበ። ይህ ዳክዬ ከተጠበሰ በኋላ ሥጋው ይነሣና አጥንቱ በከባድ የብረት መጭመቂያ ይጨመቃል፤ ከእርሱ የሚወጣው ደምና መቅን ስልስ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው መጭመቂያ ራሱ የጥንት ዕቃ ነው። መጽሐፉ በእጃቸው ስለ ነበረ የሮማው ዓይነት ጨለማ አልገጠማቸውም። ይሁን እንጂ እነርሱም የራሳቸው ሲልፊዩም ነበራቸው። በ1906 ለዚያ ሾርባ የሚታረደው አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ነበር፤ ዛሬ ግን ዘሩ እንዳይጠፋ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። አንድ መቶ ዓመት ብቻ ነው ያለፈው፤ የአሠራሩ መጽሐፍም አለ፤ ኤሊው ግን የለም።

በዚያው በ2011 በሎንዶን የሄስተን ብሉመንታል ምግብ ቤት ተከፍቶ ነበር። እዚያም በየምግቡ አጠገብ ዓመት ይጻፋል። ስለ እርሱ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ መንደሪን የሚመስል ፍሬ ይቀርብልሃል፣ ስትቆርጠው ውስጡ የዶሮ ጉበት ነው። ሐሳቡ ሥጋን ፍሬ አስመስሎ ከሚያቀርበው ከጥንቱ የእንግሊዝ ወጥ ቤቶች ቀልድ የተወሰደ ነው፤ ሥራው ግን የዛሬ ነው፤ ብሉመንታልም ይህን አልደበቀም። «እንዲህ ነበር» ብሎ ከመማል «ከዚያ ተነሣሁ» ማለት ለእኔ የበለጠ ታማኝነት ያለው ይመስለኛል። ፋንግሻን በስሙ የተናገረውም ይህንኑ ነው።

ወደ ቺካጎው ቤት ልመለስ። ከፓሪስ በኋላ የታይላንድ ምግብ ቀረበ፤ ቀጥሎ የመጣው አርእስት «ልጅነት» የሚል ነበር። በዚህ ጊዜ እንግዶቹ ተማሪዎች በሚይዙት ዓይነት ሥዕል ባለበት የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ምግብ ቀረበላቸው። ስለዚያ ምግብ መዝገብ አላስፈለገም፤ ከተመጋቢው ብዙው ራሱ በልቶት ያደገው ነውና «የእናቴ እንዲህ አልነበረም» ብሎ መከራከር ይችል ነበር።

በ2012 መጀመሪያ ደግሞ የቀረበው ማዕድ ከወራት በፊት ከተዘጋ ምግብ ቤት የተወሰደ ነበር። ይኸውም በስፔን በካታሎኒያ ባሕር ዳር፣ በካላ ሞንትዦይ፣ የፌራን አድሪያ ኤል ቡሊ ነው። ኤል ቡሊ በሐምሌ ወር 2011 ለመጨረሻ ጊዜ እራት አቅርቦ በሩን ዘጋ። አድሪያ ግን ከቶፕካፒ ወጥ ቤቶች ፈጽሞ የተለየ ሰው ነበር፤ በቤቱ የተፈጠረውን ምግብ ሁሉ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ ቁጥር እየሰጠ፣ ዓመቱን እየጻፈ በትላልቅ መጻሕፍት አሳትሞታል። የመጨረሻው ቁጥር 1846 ሆነ። ኤስኮፊዬ የተወለዱበት ዓመት ስለ ሆነም የመጨረሻው ምግብ እርሳቸው ለዘፋኟ ለኔሊ ሜልባ ከፈጠሩት የኮክ ጣፋጭ የተወለደ እንዲሆን ተደረገ። በ2023 ሕንፃው ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ስሙን ኤል ቡሊ 1846 አሉት፤ ማዕድ ግን አይቀርብበትም።